ከራሴ ረገፈ፣ አንገቴ ላይ በቀለ

የዚህ ወር ደብዳቤዎቻችሁን ስከፍት ግማሹ "ነበረኝ ሄደብኝ" ነው፣ ግማሹ ደግሞ "አልነበረኝም መጣብኝ"። የሄደው ፀጉር ነው፣ የመጣው እባጭ። እና ሁላችሁም ማለት ይቻላል ጥያቄውን የምትጨርሱት "ምን ልቀባው?" ብላችሁ ነው። ቅር እንዳይላችሁ ቀድሜ ልናገር፣ ለአብዛኞቻችሁ መልሴ "ለጊዜው ምንም" ነው። መጀመሪያ እንየው፣ መቀባቱ ይደርሳል።

ሰላም ዶክተር። ከወለድኩ 4 ወሬ ነው። እርጉዝ ሆኜ ፀጉሬ እንደውም በዝቶ ነበር፣ አሁን ግን ስታጠብ በእፍኝ ነው የሚወጣው፣ ትራሴ ላይ፣ ምንጣፉ ላይ፣ የልጄ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ሳይቀር አገኘዋለሁ። ባዮቲን (ለፀጉር ተብሎ የሚሸጠውን ቪታሚን) ጀምሬያለሁ። ማጥባቱን ላቁም እንዴ? መላጣ ልሆን ነው? (የፈራች እናት)

እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። መላጣ አትሆኚም፣ ማጥባቱንም እንዳታቆሚ፣ ከሱ ጋር አይገናኝም።

ምን ሆነ መሰለሽ፣ እያንዳንዱ ፀጉር የራሱ ሰዓት አለው፣ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያድጋል፣ ከዛ ወደ 3 ወር ገደማ ያርፋል፣ ከዛ ወድቆ ቦታውን ለአዲሱ ይለቃል። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል፣ ራስ ላይ ያለው 100,000 አካባቢ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። እርግዝና ላይ ግን ሆርሞኑ "ቆይ አትውረዱ" ብሎ ይይዛቸዋል፣ በዝቶ ያየሽው እሱን ነው። ስትወልጂ ሆርሞኑ ዝቅ ይላል፣ ተይዘው የነበሩት ሁሉ አንድ ላይ ወደ እረፍት ይገባሉ፣ ከ2-3 ወር በኋላ አንድ ላይ ይረግፋሉ። አሁን የምታይው ውዝፍ ነው በቃ፣ ያኔ መርገፍ ሲገባው የቀረ።

አንዷን ፀጉር አንሺና ጫፏን ብርሃን ላይ እይው። ትንሽ ነጭ ጉብ ያለች ነገር ካለች ጊዜዋን ጨርሳ ከነስሯ የወጣች ናት፣ አልተሰበረችም። ደግሞ በሚቀጥሉት ወራት ግንባርሽ ጋ አጫጭር ፀጉር ቀጥ ብሎ ሲቆም ታያለሽ፣ ብዙ እናቶች እሱን "ተሰባበረብኝ" ብለው ይመጣሉ፣ እሱ እኮ አዲሱ ነው! ልጅሽ 1 ዓመት ሲሞላው አብዛኛው ተመልሶ ይሆናል።

በነገራችን ላይ ይሄ አይነቱ መርገፍ ከከባድ ትኩሳት፣ ከኦፕሬሽን፣ ኪሎ በፍጥነት ከመቀነስ በኋላም ይመጣል። ሰው ግን ባለፈው ሳምንት የቀየረውን ሻምፑ ነው የሚከሰው። ወደኋላ 3 ወር ቁጠሩ፣ ጥፋተኛው እዛ ነው ያለው።

ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ከነበረ፣ ወይ ድካሙና የልብ ምቱ ያልተለመደ ከሆነብሽ ደምሽን ተመርመሪ፣ የብረት ክምችትሽን (ፌሪቲን ነው የሚሉት) እና ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ)። ከወሊድ በኋላ ታይሮይድ የሚረበሽባቸው ሴቶች አሉ። ባዮቲኑን በተመለከተ፣ እጥረቱ ብዙም የሚገኝ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ከሱ ብዙ አትጠብቂ። በዛ ላይ ከፍ ባለ መጠን ሲወሰድ የታይሮይድንና የልብን የደም ምርመራ ውጤት ያዛባል፣ ባዮቲን እንደምትወስጂ ሳትናገሪ ለምርመራ ደም እንዳትሰጪ።

አንድ ነገር ግን ከፀጉርሽ በላይ አሳስቦኛል። የልጅሽ ጣት ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁ ያልሽው። አንዲት ፀጉር የሕፃን የእግር ጣት ላይ ካልሲ ውስጥ ተጠምጥማ ስትጠብቅ ደም ታቆማለች። ልጅሽ ያለምክንያት አልቅሶ አልባበል ካለሽ ካልሲውን አውልቂና ጣቶቹን አንድ በአንድ እያፈለቀቅሽ እዪ፣ የእጁንም። አብጦ ቀልቶ ካየሽና ፀጉሩ አልወጣ ካለሽ ለነገ አትበዪ፣ በዛው ሰዓት ወደ ሐኪም።

34 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጥብቅ ሹሩባ ነው የምሰራው፣ አሁን አሁን ደግሞ ሂውማን ሄር እቀጥላለሁ። ግንባሬና ጆሮዬ ጋ ያለው ሸሽቷል። ከዚህ ሌላ መሃል አናቴ ላይ ያቃጥለኛል፣ ስነካው ያመኛል፣ ሳስቷል። እህቴ ስለማትቀቢው ነው ትለኛለች፣ በየሁለት ቀኑ እየቀባችኝ ነው።

የኔ እህት፣ ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ለየብቻ እንየው።

መጀመሪያ እህትሽን ቅባቱን አስቀምጪና ስልክሽን አምጪ በያት። መስኮት አጠገብ ተቀመጪ፣ የሳሳውን ቦታ በደንብ ፈልቅቃ የስልኩን መብራት አብርታ በቅርብ ፎቶ ታንሳው፣ ከዛ ፀጉር ያለበትን ቦታም እንደዛው ታንሳ። ሁለቱን ጎን ለጎን አሳድጋችሁ እዩ። ጤነኛው ላይ ፀጉር የሚወጣባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይታያሉ። የሳሳው ላይም ቀዳዳዎቹ ካሉ ስሩ አልሞተም፣ ተስፋ አለው። ቀዳዳ የሌለው፣ ልሙጥ ብሎ እንደ ጥፍር የሚያብረቀርቅ ከሆነ ግን ቦታው ጠባሳ ሆኗል፣ እዛ ላይ ምን ብትቀቢ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።

የግንባርሽ ነገር ከመጎተት የመጣ ይመስላል። የዚህ ፊርማው ምን መሰለሽ፣ ፀጉሩ ወደኋላ ቢሸሽም ከፊት ጠርዙ ላይ ስስ አጫጭር ፀጉር እንደ ጥለት ይቀራል፣ ለሹሩባ ስለማይያዝ አልተጎተተማ። በጊዜ ከቆመ ይመለሳል፣ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ስሩ ይዘጋል። ሹሩባ አትሰሪ አላልኩም። ግን ተሰርተሽ የመጣሽ ቀን ማታ ራስ ምታት መድኃኒት ውጠሽ የምትተኚ ከሆነ፣ ወይ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ብጉር የሚወጣ ከሆነ ያ ጠብቋል፣ ዛሬውኑ ፍቺው። "ሁለት ቀን ነው፣ ይለቃል" የሚሉትን አትስሚ፣ የሚለቀው ፀጉሩ ነው። ቅጥያው በከበደና በረዘመ ቁጥር ይብሳል፣ ሪላክሰር በተቀባ ፀጉር ላይ ሲሆን ደግሞ እጥፍ ነው።

የአናትሽ ግን ሌላ ነው፣ እና እሱ ነው የሚያስቸኩለኝ። ከመሃል አናት ጀምሮ ወደ ዳር እየሰፋ የሚሄድ፣ የሚያቃጥል፣ አንዳንዴ የሚያሳክክ፣ ስሩን እያጠፋ ጠባሳ የሚያደርግ በሽታ አለ፣ በብዛት የሚታየው ጥቁር ሴቶች ላይ ነው። ድሮ ፀጉር ማለስለሻ የጋለ ብረት ነው የሚያመጣው ተብሎ በሱ ስም ነበር የሚጠራው። በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከታማሚዎቹ አንዳንዶቹ ላይ ፓዲ3 የሚባል ጂን ላይ ለውጥ አግኝቷል፣ ስለዚህ "ራሴ ነኝ ያመጣሁት" ብለሽ ራስሽን አትብዪ። እህትሽም የራሷን አናት ትታይ፣ በቤተሰብ ይሄዳል። ይሄ ሕመም የጠፋውን አይመልስም፣ ሕክምናው የቀረውን ማትረፍ ነው፣ መርፌ ራስ ቆዳው ላይ ይወጋል፣ የሚዋጥም አለ፣ አንዳንዴ ለማረጋገጥ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። ሐኪም ጋ ለመሄድ ወር አትቆዪ።

ፎረፎር ገደለኝ። ጥቁር ልብስ መልበስ ትቻለሁ። ድርቀት ነው ተብዬ በየቀኑ ዘይት እቀባለሁ፣ ለአንድ ቀን ደህና ይሆንና መልሶ ይብሳል።

እየቀለብከው ነዋ ወንድሜ! ፎረፎር ውስጥ እጁ ያለበት ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ ነው፣ ሁላችንም ላይ ይኖራል፣ የሚበላው ደግሞ ቅባት ነው። አንዳንዱ ሰው ቆዳው ፈንገሱ የሚያወጣውን ነገር አይችልም፣ ይቆጣል፣ ይላጣል። ዘይት ስትቀባ ቅርፊቱ ተጣብቆ ስለማይታይ ለአንድ ቀን የተሻለህ ይመስልሃል።

2% ኬቶኮናዞል ሻምፑ ውሰድ፣ በሳምንት ሁለቴ ለ4 ሳምንት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፣ ፀጉሩን ያጥብበትና ወዲያው ያለቀልቀዋል። መድኃኒት ነው እኮ፣ በጣትህ ጫፍ ቆዳው ላይ አድርሰህ 5 ደቂቃ አቆየው፣ ቆመህ ስልክህን እያየህ ጠብቅ። ከዛ በ1 ወይ በ2 ሳምንት አንዴ ቀጥል፣ ምክንያቱም ፎረፎር ይገዛል እንጂ ለአንዴም ለሁሌም አይሄድም። ፀጉርህ ከደረቀ ኮንዲሽነሩን ፀጉሩ ላይ፣ ቆዳው ላይ ሳይሆን። ቅንድብህና አፍንጫህ ጎንና ጎን የሚላጠውም (አለህ አይደል?) ያው እሱ ነው። ቅርፊቱ ወፍራም ብርማ ከሆነ፣ ከፀጉሩ መስመር አልፎ ግንባር ላይ ከወጣ፣ ክርንና ጉልበት ላይም ካለ ግን ሶርያሲስ የሚባል ሌላ የቆዳ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በሻምፑ አትድከም፣ ሐኪም ጋ ታይ።

የ6 ዓመት ልጄ ራሱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ፀጉሩ ጠፋ። ላሽ ነው የሚሉኝ አሉ፣ ቆረቆር ነው የሚሉም አሉ። ከፀጉር ቤት ነው የያዘው ብዬ ከአስተካካዩ ጋር ተጣልቻለሁ። ያልተቀባ ነገር የለም። (አባት)

አስተካካዩን ይቅርታ ከመጠየቅህ በፊት የልጁን ራስ እንንካው።

ጣትህን ክቡ ላይ አሳልፍ። እንደ ጉንጩ ለስላሳ ከሆነ፣ ቅርፊት ከሌለው፣ ካላሳከከው ወደ ላሽ ያደላል። ሻካራ ከሆነ፣ ቅርፊት ካለው፣ ፀጉሩ ተነቅሎ ሳይሆን ከስሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከቀረ ወደ ቆረቆር። ቀጥለህ ከማጅራቱ በላይ በጣትህ ዳብስ፣ ንፍፊት ካገኘህ ቆረቆርነቱ ይጠነክራል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ቆረቆር በጣም የተለመደ ነው።

ቆረቆር ከሆነ ያ ሁሉ ቅባት ለምን እንዳልሰራ ልንገርህ፣ ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ውስጥ ነው፣ ክሬም እዛ አይደርስም። የሚዋጥ ነው መድኃኒቱ፣ ግሪሲዮፉልቪን ወይ ተርቢናፊን፣ በልጁ ኪሎ ተሰልቶ ለሳምንታት ይሰጣል። በ10 ቀን ደህና መሰለ ብለህ እንዳታቋርጥ። የፈንገስ ሻምፑው መተላለፉን ስለሚቀንስ እሱም፣ አብረውት የሚኖሩትም ይታጠቡበት። ሚዶ፣ ኮፍያ፣ ትራስ ለየብቻ። መላጨት አያስፈልግም፣ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ከትምህርት ቤት ማስቀረትም አያስፈልግም። አብጦ ለስለስ ብሎ መግል ከያዘ "ብጉንጅ ነው" ብሎ የሚበጣ ሰው ጋ እንዳትወስደው፣ ያም ቆረቆሩ ነው፣ መበጣት ጠባሳ ነው የሚያተርፈው።

ላሽ ከሆነ ደግሞ ከማንም አልያዘውም። የሰውነቱ የራሱ መከላከያ የፀጉሩን ስር እንደ ጠላት አይቶ ነው። ከ100 ሰው 2 ገደማውን በዕድሜው አንዴ ያገኘዋል፣ ቦታው ትንሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ በ1 ዓመት ውስጥ ይበቅላል፣ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ቢመጣ አትደንግጥ፣ ይጠቁራል። የሚያቃጥል ነገር አሽቶ ቆዳውን ማቁሰል ግን ይቅር፣ ልጁ ነው የሚያለቅሰው። እና አዎ፣ ላሽ ከሆነ ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ። ቆረቆር ከሆነ መሳሪያው ይጸዳ እንደሆነ መጠየቅ መብትህ ነው፣ ግን ከጓደኛውም፣ ከድመትም ሊይዘው ይችላል።

61 ዓመቴ ነው። ጉንጬ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነገር እየበዛ ነው፣ እናቴም ነበራት። አንገቴ ላይ ደግሞ ተንጠልጥሎ የወጣ አለ፣ የልጅ ልጄ በክር እንሰረውና ይወድቃል ይለኛል።

እናቴ፣ የጉንጭዎ ነገር ጥቁር ቆዳ ላይ በጣም የተለመደ ነው፣ እርስዎ እንዳሉት በዘር ይወርዳል፣ ዕድሜ ሲጨምር ይበዛል፣ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ካላስጠላዎት ይተውት። የአንገትዎም ክፉ አይደለም፣ ቆዳ ከቆዳ ወይ ከአንገት ልብስ ጋር የሚፋተግበት ቦታ የሚወጣ ነው። ግን ኪሎ ሲጨምርና የደም ስኳር ሲዛባ ስለሚበዛ አንድ ቀን ስኳርዎን ይለኩ።

ክሩን ይተውት። ሳይቆረጥ አብጦ ጠቁሮ ቆስሎ የሚመጣ አይቻለሁ፣ ሐኪም ጋ እኮ የደቂቃ ሥራ ነው። የጉንጭዎን ለማስወጣት ከፈለጉ ግን አንድ ጥያቄ ቀድመው ይጠይቁ፣ "በምንድነው የምታወጡት?" ይበሉ። በማቀዝቀዝ ካሉ ያስቡበት፣ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ብርድ አይችሉም፣ ጥቁሩ ሄዶ ነጭ ነጥብ ሊቀርልዎት ይችላል። በስሱ በኤሌክትሪክ የሚሰራው ይሻላል፣ እሱም ቢሆን መጀመሪያ አንድ ሁለቱን አስወጥተው ቦታው እንዴት እንደዳነ አይተው ነው። በኢንተርኔት የሚሸጠውን "ማርገፊያ" ቅባት ለልጅ ልጅዎ ይንገሩልኝ፣ አሲድ ነው፣ ፊት ያቃጥላል።

ፀጉሬን በተቆረጥኩ ቁጥር ማጅራቴ ላይ ብጉር ይወጣል፣ አሁን ጠጥሮ ቀርቷል። ኬሎይድ ነው ተባልኩ። በደንብ ስለማልታጠብ ነው?

ከንጽህና ጋር አይገናኝም። ጥቅልል ፀጉር ከቆዳው ጋር እኩል ሲቆረጥ ቆዳው ይቆጣል፣ ስሩ ይመርዛል፣ ሲደጋገም ይጠጥራል። ኬሎይድ ይመስላል እንጂ አነሳሱ ሌላ ነው፣ ከፀጉር ስር ነው የሚነሳው። ቶንዶሱን ዜሮ ላይ ማድረግ አቁም፣ ማጅራትህን በምላጭ ማስጠረብ በተለይ። "ቅርጹ ይበላሻል" ይልሃል አስተካካዩ፣ ይበላሽ። ጥቂት ሚሊሜትር አስቀር፣ አንገቱ ሻካራ የሆነ ሸሚዝም ተው። ገና ብጉር እያለ በአንቲባዮቲክና በስቴሮይድ ይመለሳል፣ ከገዘፈ በኋላ ግን ወደ ኦፕሬሽን ነው የሚሄደው።

ራሴ ላይ ክብ ድቡልቡል እባጭ አለ፣ ዓመታት ሆኖታል፣ አያምም። ላፍርጠው?

እኔም አለኝ፣ እናቴም አላት፣ የሚወረስ ነው። ፀጉር ስር የሚያድግ ከረጢት ነው፣ ውስጡ ኬራቲን የሚባል፣ ጥፍርና ፀጉር የሚሰራበት ነገር ተለንቅጦ ሞልቶታል። ብታፈርጠው ይዘቱ ይወጣል፣ ከረጢቱ ይቀራል፣ ተመልሶ ይሞላል፣ ወይ መግል ይይዛል። ሲበጠር እየተነካ ካስቸገረህ ከነከረጢቱ ይወጣል፣ ካላስቸገረህ እንደኔ ተወው። በድንገት ካደገ ወይ ከቆሰለ ግን አሳየው።

ሚኖክሲዲል (የሚቀባውን ፀጉር ማብቀያ) ከጀመርኩ 5 ሳምንቴ ነው፣ ጭራሽ ባሰብኝ፣ ላቁም?

አታቁም፣ እየሰራ ነው። ያረፈውን አሮጌ ፀጉር ገፍቶ ነው የሚያስወጣው። ይሄ መድኃኒት ሲጀመር የደም ግፊት ክኒን ነበር፣ የወሰዱት ሰዎች ፀጉር ሲያበቅሉ ታይቶ ነው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ለራስ የሚቀባ ሆኖ የተፈቀደው። ከ4 እስከ 6 ወር ሳትሰጠው አትፍረድ፣ ካቆምክ ደግሞ ያተረፍከው በወራት ውስጥ ይሄዳል፣ ዕዳ ነው ትንሽ። ቤትህ ድመት ካለች ተቀብተህ ሳይደርቅ እንዳትልስህ፣ ትራስህም ላይ እንዳትተኛ፣ ጥቂቱም ይገድላታል። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ውስጥ እግሬ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። 1 ዓመት ሆኖታል፣ እየሰፋ ነው፣ ዳሩ የተዘበራረቀ ነው፣ አያምም። ምን ልቀባው?

ምንም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ።

ከላይ የጻፍኳቸው አብዛኞቹ ሊቆዩ የሚችሉ ናቸው፣ ያንቺ ግን አይቆይም። ምንም ላይሆን ይችላል፣ ግን የሚሰፋ ነጥብ እዛ ቦታ ላይ ሲሆን መታየት አለበት። ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም የሚባለው ውሸት ነው፣ አልፎ አልፎ ነው እንጂ ይመጣል፣ ሲመጣም ክፉው አይነት ፀሐይ የማያየውን ቦታ ነው የሚመርጠው፣ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። ቦብ ማርሌ እግሩ ጣት ጥፍር ስር ነበር የወጣበት፣ የኳስ ጉዳት ተብሎ ታልፎ እ.ኤ.አ. በ1977 ምንነቱ ታወቀ፣ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። አለማመሙ አያጽናናሽ፣ መጀመሪያ ላይ አያምም።

"ላቃጥልልሽ" ወይ "በሌዘር ላጥፋልሽ" የሚልሽ ካለ እምቢ በዪ፣ መጀመሪያ ናሙና ተወስዶ ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ክፍል) ይታይ፣ ከተቃጠለ የሚመረመር ነገር አይቀርም። ፎቶውን ልኬልህ ነበር ብለሻል፣ ደርሶኛል፣ በፎቶ አልመልስም። ሄደሽ ጫማሽን አውልቂና አሳዪ፣ ሌላኛውን እግርም።